የእትዬ ብርቄ እግርና የተቆረጠው ማተብ

ባለፈው ዓመት ለዘመድ ሰርግ ሶዶ ወርጄ ነበር። ከገበያው በላይ ባለች አንዲት ትንሽ መድኃኒት ቤት ደጃፍ ሳልፍ አንድ ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝ። ባለመድኃኒቱ የወደቀ ልጅ ጉልበት በወይን ጠጅ ቀለም ውሃ እያጠበ ነው። ልጁ ይጮኻል፣ እናቱ ታባብለዋለች፣ እኔ መንገድ ዘግቼ ቆሜያለሁ። አብራኝ የነበረችው የእህቴ ልጅ «አመመዎት እንዴ?» ብላ ደነገጠች። አላመመኝም። ያ ሽታ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አድርጎኝ ነው።

ዘመኑ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ነው። አባቴ ጌታውን ተከትሎ አዲስ አበባ ሲሄድ እኔን ለታላቅ እህቱ ለእትዬ ብርቄ ትቶኝ ሄደ። እትዬ ብርቄ ከሰሜን መጥተው ሶዶ ከሰፈሩ ሰዎች የተወለዱ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ናቸው። ቤታቸው ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ነበር። ሥራቸው ሁለት ነው፤ ጥጥ መፍተልና ወሬ ማወቅ። ጥጡን ባይፈትሉ የሚጎዳ ሰው አልነበረም። ወሬውን ባያውቁ ግን ሶዶ ራሷ እንዴት እንደዋለች አታውቅም።

ክረምቱ እንደገባ ጭቃ አንሸራተታቸውና የአጥር እንጨት ከቁርጭምጭሚታቸው በላይ ወጋቸው። መጀመሪያ ቀላል መስሎ ነበር። ቅቤ ቀቡት፣ ቅጠል አሰሩበት፣ ጠበል ረጩበት። ቁስሉ ግን አልደርቅ አለ። እግራቸው እያበጠ ሄዶ መሬት መርገጥ አቃታቸው። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ እትዬ ብርቄን ያስጨነቃቸው ሕመሙ ሳይሆን ከምንጭ መቅረታቸው ነው። የአገሩ ወሬ ሁሉ የሚቀዳው እዚያ ነበርና። ስለዚህ ውሃውንም ወሬውንም እኔ እንዳመጣ ተወሰነ።

ውሃዬን አስቀምጬ ከመደባቸው ሥር እቀመጣለሁ። «እሺ፣ ምን አለ?» ይሉኛል። ወሬው ደህና ከሆነ ከትራሳቸው ሥር ካለችው ሙዳይ እፍኝ ቆሎ ይዘግኑልኛል። ወሬው ከሲታ ከሆነ ሙዳይዋ አትከፈትም። አንድ ቀን የጎረቤታችን ላም መውለዷን ብነግራቸው «ላም ትወልዳለች፣ ሥራዋ ነው» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ላም ወለደች ብዬ ቆሎ ካጣሁ፣ በሬ ወለደ ማለት እንደሚያዋጣኝ ለመረዳት ብዙ ቀን አልፈጀብኝም። ደግሞ ራሳቸው ናቸው «ወሬ ቢነግሩሽ መላ ጨምሪበት» የሚሉኝ። መላ ማለት ማስተዋል መሆኑን ያወቅኩት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ እኔ የሰማሁት «ጨምሪበት» የሚለውን ብቻ ነበር።

የውሃ ጓደኛዬ ዳሮቴ ትባላለች። ወላይታ ናት፤ እኔ ወላይትኛ ከእሷ፣ እሷ አማርኛ ከእኔ ተምረናል። በአማርኛ ስታወራ ሰውን ሁሉ ወንድ ታደርገዋለች፤ እኔም መጀመሪያ እየተቆጣሁ በኋላ ለመድኩት። አባቷ ሳና ከተማው ዳር በነበረው የፈረንጆች ሐኪም ቤት ያስተረጉማል፣ ቁስልም ያጥባል። የፈረንጆቹን እምነት ከተቀበሉት ሰዎች አንዱ ስለሆነ አንገቱ ላይ ማተብ የለም። እኛ ቤት ደግሞ ማተብ የሌለው ሰው ማለት በር የሌለው ቤት ማለት ነው፤ ማንም ይገባበታል። እትዬ ብርቄ ግን ሳናን ይወዱታል። «ደግ ሰው ነው፣ አንገቱ ብቻ ነው የጎደለው» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ከምንጭ ስንመለስ ቅላችንን አስቀምጠን በሐኪም ቤቱ አጥር ቀዳዳ አጮለቅን። ከሁምቦ የመጣች አንዲት ሴት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። አንገቷ ላይ እንቁላል የሚያክል እባጭ ወጥቶባታል፤ የማተቧ ክር እባጩ ውስጥ ሰጥሟል። ፈረንጁ አንድ ነገር ተናገረ፣ ሳና በወላይትኛ ነገራት፣ እሷም ራሷን ነቀነቀች። ሳና መቀስ አነሣና ማተቡን ቆረጠው። ከዚያ እባጩ ፈረጠ፣ በወይን ጠጅ ቀለም ውሃ ታጠበ፣ በነጭ ጨርቅ ታሰረ። ሳና ማተቡንም አጥቦ፣ የተቆረጠውን ቦታ ቋጥሮ፣ በመዳፏ ላይ አኖረላት። ሴትዮዋ ማተቡን ሳመችና የነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ይኸው ነው ያየነው፤ ዳሮቴም እኔም እኩል አየን።

ቤት ስደርስ ቅሉን እንኳ ሳላወርድ «እትዬ! ፈረንጆቹ የአንዲት ሴት ማተብ በመቀስ ቆረጡ!» አልኩ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ያልተነሡት እትዬ ብርቄ ብድግ ብለው ተቀመጡ። «በስመ አብ ወወልድ!» ደረታቸውን መቱ። «ከነመስቀሉ?»

«ከነመስቀሉ» አልኩ። መስቀል አልነበረበትም።

ሙዳይዋ ተከፈተች። አንድ እፍኝ፣ ወዲያው ደግሞ ሌላ እፍኝ። ማተቡን መልሰው እንደሰጧት ልነግራቸው ነበር፤ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ልነግራቸው ነበር። ግን አፌ በቆሎ ተሞልቶ ነበር። ቆሎውን አኝኬ ስጨርስ ደግሞ እሳት ልትሞቅ የመጣች ጎረቤት ገብታ እትዬ ብርቄ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምረው እያወሩላት ነው፤ ከእኔ ይልቅ ያምርባቸዋል። የታላቅ ሰው ንግግር አይቋረጥም ተብዬ ነው ያደግሁት፤ ዝም አልኩ።

በአገራችን በሽተኛ አለመጠየቅ ነውር ነው። ስለዚህ የእትዬ ብርቄ ቤት ከጠዋት እስከ ማታ ሰው አያጣም ነበር። የመጣው ሁሉ «እግዜር ይማርዎ» ብሎ ይቀመጣል፣ ስለ እግራቸው ሁለት ቃል ይጠይቃል፣ እሳቸው ስለ ማተቡ ሁለት መቶ ቃል ይመልሳሉ። ጠያቂው እያማተበ ይወጣና ሌላ በሽተኛ ሊጠይቅ ይሄዳል። በዚያ ክረምት ደግሞ የታመመ ሰው ብዙ ነበር።

በሳምንቱ ምንጭ ስወርድ ሁምቦ ካለው ከተበላ ገበያ የተመለሰች ሴት መሃል ቆማ ታወራለች። ማተባቸው የተቆረጠው ሴቶች ሦስት ናቸው አለች። ፈረንጆቹ የቆረጡትን ማተብ በትልቅ ድስት ይቀቅሉታል፤ ቁስል የሚያጥቡበት ወይን ጠጅ ውሃ ከማተቡ ክር የወጣ ቀለም ነው። ከሦስቱ አንደኛዋ፣ የሁምቦዋ፣ በሦስተኛው ቀን ሞታለች። ማተብ ስለሌላት ካህናቱ ፍትሐት አናደርስላትም ብለዋል፤ እንደ ውሻ ከአጥር ውጭ ተቀበረች።

ፀጉሬ ቆመ። ይህ እኔ ያወራሁት ወሬ ነው ብዬ እንኳ አላሰብኩም። እኔ ያየሁት አንዷን ነው፤ ሁለቱን ሌላ ሰው አይቷል ማለት ነው። ውሃው ወይን ጠጅ መሆኑን ደግሞ በዓይኔ በብሌኑ አይቻለሁ፤ ታዲያ ምን ያጠራጥራል? እየሮጥኩ ወስጄ ለእትዬ ብርቄ ነገርኳቸው። «አላልኩም? አላልኩም?» ይላሉ። እሳቸው ያሉት ከእኔ የሰሙትን ነው፤ እኔ አሁን የነገርኳቸው ደግሞ እሳቸው ያሉትን ነው። ሁለታችንም እርስ በርሳችን ስንመሰካከር ዋልን።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ተክሌ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካለው ዛፍ ሥር ቆመው ሰበኩ። መምሬ ተክሌ የእትዬ ብርቄ የነፍስ አባት ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲያስቡ ጢማቸውን የሚጎትቱ። በሳምንቱ ውስጥ እትዬ ብርቄን ጠይቀው ሄደዋል። «አንገታችሁን ጠብቁ! ስለ ሥጋችሁ ቁስል ብላችሁ የክርስትናችሁን ምልክት አትስጡ!» ሲሉ ሴቱ ወንዱ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ስለ ሁምቦዋ ሴት ነበር ያለቀስኩት።

ከዚያ ወዲያ ከተማው ማተብ በማተብ ሆነ። አንዱ ቢቆረጥ ሌላው እንዲተርፍ እያሉ ሰዎች ሁለትም ሦስትም ያስሩ ጀመር። ክር ሻጩ ክሩን ጨርሶ ባዶ እጁን አጨበጨበ። እትዬ ብርቄ ተኝተው ክር መፍተል ጀመሩ፤ ማቅለሚያ ሲጠፋ በድስት ጥቀርሻ ያጠቁሩታል። ዝናብ ሲዘንብ ጥቀርሻው ይወርዳል፤ በዚያ ሰሞን ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣው ምእመን ሁሉ አንገቱ ጥቁር፣ የነጠላው ጥለት ጥቁር ነበር። እሳቸው ራሳቸው ሦስት አሰሩ፤ ቋጠሮውንም በምራቅ አጠበቁት። አራተኛውን ለታመመው እግራቸው አሰሩለት።

ዳሮቴ አንድ ቀን ጠዋት አንገቷን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላ ምንጭ መጣች። ስጠጋት ወደ ኋላ ትሸሻለች።

«ምን ሆነሻል?»

«አትነካኝ! ቄሶች በየቤቱ ዞሮ ልጆችን በግድ ማተብ ያስራል ተባለ። አንተ ልከውህ ነው።»

በእነሱ የጸሎት ቤትም «አንገታችሁን ጠብቁ» ተብሎ ተሰብኳል ለካ። አንገታቸው ላይ የአያት የቅድመ አያት ክታብ ያሰሩት የገጠር ሰዎች ደግሞ የትኛው ወገን እንደሚመጣባቸው ስላላወቁ ክታቡን ፈትተው ጎተራ ውስጥ ደብቀዋል አሉ።

«እናንተ ናችሁ የምትቆርጡት!» ብዬ ጮህኩባት። «አባትሽ ቆርጦ ገደላት!»

ዳሮቴ ቅሏን አስቀመጠች። «ማን ሞተ? አባቴ ማተቡን አጥቦ ሰጠው እኮ። ሴትዮው ሳመው። አንተ አጠገቤ ነበርክ፣ አላየህም?»

አይቻለሁ። ሰዎች «ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይላሉ፤ የእኔው ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ እያደር ከበደኝ።

የእትዬ ብርቄ እግር እስከ ጉልበት አበጠ፤ የታሰረለትም ማተብ ተበጠሰ። ሽታው ከደጅ ይሰማ ጀመር። ጠያቂዎች በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ይዘው ይገባሉ፣ ቶሎ ይወጣሉ። አንድ ቀን ሳና መጣና ከበሩ ላይ ቆሞ «እሜቴ፣ ይሄ እግር ካልታጠበ ይገድላል። ሰው አምጥቼ ልውሰድህ» አላቸው።

«ማተቤን አስቆርጬ ስሞት ማን ይቀብረኛል?» አሉ እትዬ ብርቄ። «እግሬ ይቅር። ሲሆን ከነእግሬ፣ ካልሆነም ያለእግሬ፣ ክርስቲያን ሆኜ ልቀበር።»

በማግስቱ አንዲት ጎረቤት አዲስ ሰሌን ይዛ መጥታ ከጓዳ አቆመችው። እኔ ለመኝታዬ የተገዛልኝ መሰለኝ። ዘርግቼ ተጋደምኩበት፤ ሽታው የገበያ ሽታ ነው፣ ደስ ይላል። እትዬ ብርቄ አንገታቸውን አቅንተው አዩኝ። «ተነሺ፣ የኔ ልጅ። ያ የእኔ ነው። አንቺ ገና አልደረሰሽም።»

ሬሳ በሰሌን እንደሚጠቀለል ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ብድግ ብዬ ወጣሁና ከቤቱ ጀርባ ተቀምጬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። በሁለት እፍኝ ቆሎ እትዬ ብርቄን ልገድላቸው ነው።

ቅዳሜ ለዳሮቴ ነገርኳት። እሷ ከእኔ ይልቅ ታስባለች። «ሴትዮው ካልሞተ ገበያ ይመጣል» አለችኝ። የእንሰት ቅጠል የሚያክል ዝናብ እየወረደ ገበያውን ዞርን። እውነትም ቦዬ የሚባለውን ሥር ከሚሸጡት መሃል የሁምቦዋ ሴት ተቀምጣለች! አንገቷ ላይ ጠባሳ፣ ከጠባሳው በታች ማተቧ ከነቋጠሮው። አጠገቧ ያሉት ሴቶች ደግሞ ምን ያወራሉ? ማተቧ ተቆርጦ ስለሞተችው ሴት። እሷም ቦዬዋን ትታ ዓይኗን እያበሰች ትሰማለች።

«ምስኪን! ከየት አገር ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ከሁምቦ» አሏት።

«የኛ አገር ሰው!» ብላ የባሰ አለቀሰች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ እንዲህ ነው።

እጇን ይዘን፣ ግማሽ በልመና ግማሽ በመጎተት፣ እትዬ ብርቄ ዘንድ አደረስናት። እኔ ከደስታዬ ብዛት ደጃፉ ላይ ልወድቅ ነበር። «እትዬ! ይቺውልዎት! አልሞተችም! ማተቧም ይኸው!»

እትዬ ብርቄ ሴትዮዋን አጠገባቸው አስቀመጧት። ጠባሳውን ነኩ፣ ቋጠሮውን በጣታቸው መረመሩ።

«ቆረጡብሽ?»

«አዎ፣ ቆረጠ። አጥቦ መለሰልኝ።»

«መለሰልሽ!» አሉ እትዬ ብርቄ፣ ቋጠሮውን ደግመው እየነኩ። «ታዲያ የሞተችው ማናት?»

ሴትዮዋ ገና ያልደረቀ እንባዋን ጠረገች። «እሱ ሌላ ነው፣ ምስኪን። ለእሱ አልመለሱለትም። እኔን ጦሳ አተረፈኝ፣ እግዜር።»

«አየሽ?» አሉኝ እትዬ ብርቄ ወደ እኔ ዞረው። «ለአንዷ መልሰዋል፤ ለአንዷ አልመለሱም። ለእኔ ለመመለሳቸው ምን ዋስ አለኝ?»

ወሬውን የሚገድል ሰው ይዤ የመጣሁ መስሎኝ፣ ወሬው ለሁለት ተከፍሎ ሁለቱም በሕይወት ወጡ። ሴትዮዋ ስትሄድ ከመደቡ ሥር ተንበርክኬ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ሌላ ሴት እንደሌለች፣ ያየሁት እሷን ብቻ መሆኑን፣ መመለሳቸውንም አይቼ እንደተውኩት ነገርኳቸው። እትዬ ብርቄ በዚያ ሁሉ ሕመማቸው መሃል ሳቁ። «ተበላ ድረስ የተሰማውን፣ መምሬ የሰበኩትን ነገር አንቺ አመጣሁት ትያለሽ? ወይ የዘንድሮ ልጅ! ጉራ ከየት ተማርሽ?» እውነቱን ስናገር ያላመኑኝ ያን ቀን ብቻ ነው፤ ስዋሽ ግን ሁልጊዜ አምነውኛል።

የቀሩት መምሬ ተክሌ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከዛፉ ሥር አገኘኋቸው። እግራቸው ላይ ወድቄ ነገርኳቸው። ጢማቸውን መጎተት ጀመሩ።

«ለማን ለማን ነገርሽ?»

«ለእትዬ ብቻ።»

«እኔስ ከማን ሰማሁ?»

«ከእትዬ። ሊጠይቋቸው የመጡ ቀን።»

ጢማቸውን እስከ ጫፉ ጎተቱት። «ሕዝቡን ሁሉ አስለቅሼ ነበር እኮ» አሉ በቀስታ። ያዘኑት ስብከቱ አምሮላቸው ስለነበረ ይመስለኛል። ከዚያ ግን ፊታቸው ተለወጠና «እግሯ እንዴት ሆነ?» አሉኝ። ሰሌን መገዛቱን ስነግራቸው መቋሚያቸውን አነሡ።

በማግስቱ ጠዋት ከሳናና ከሦስት ሰዎች ጋር መጡ፤ ቃሬዛ ይዘዋል። «ብርቅነሽ፣ ማተብሽን አውልቂና ለእኔ ስጪኝ» አሉ። «የነፍስ አባትሽ የያዘው ማተብ አንገትሽ ላይ እንዳለ ይቆጠራል። ከእጄ ማንም አይቆርጠውም።»

«የት ተጽፏል፣ አባ?»

«እኔ እልሻለሁ!» መጽሐፍ ሳይጠቅሱ ሲናገሩ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። እትዬ ብርቄ የነፍስ አባታቸውን ቃል አያጥፉም፤ እያለቀሱ እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ። ቋጠሮው ግን አልፈታ አለ። ጥቀርሻውና ምራቁ ድንጋይ አድርጎታል። መምሬ ተክሌ ሞከሩ፤ ጥፍራቸው ተሰበረ። በጥርሳቸው ሞከሩ፤ ጢማቸው ጠቆረ። ሳና እንዳይረዳ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ብልህ ሰው ነበር። በመጨረሻ መምሬ ተክሌ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ቢላ አምጪ።»

የሽንኩርቱን ቢላ አመጣሁ። መምሬ አማተቡ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ሦስቱንም ማተብ አንድ ባንድ ቆረጧቸው። በወላይታ ምድር በዚያ ክረምት ያለ እባጭ ማተብ የቆረጠ አንድ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው።

ቃሬዛውን ከፊት ማተብ ያሰሩ ሁለት ሰዎች፣ ከኋላ ማተብ የሌላቸው ሁለት ሰዎች ተሸከሙት። መምሬ ክሮቹን በጨበጡት እጃቸው ላይ መስቀላቸውን ደርበው ከጎን ይሄዳሉ። እትዬ ብርቄ መንገድ ላይ ጠሩኝ።

«የመለሱላት እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ እትዬ።»

«ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፌ ውስጥ ቆሎ ነበር።»

መጀመሪያ ሳቁ፤ ቃሬዛው እስኪወዛወዝና ተሸካሚዎቹ እስኪቆጡ ድረስ ሳቁ። ከዚያ አለቀሱ። እጄን ይዘው ሐኪም ቤቱ በር እስክንደርስ አልለቀቁኝም።

ፈረንጁ ሐኪም ወጥቶ ጢማቸው የጠቆረ፣ ጡጫቸውን የጨበጡ ቄስ አየና ትንሽ ግራ ተጋባ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እግሩን ተመለከተ። አንድ ሰዓት ሙሉ እግሩን አጠበ፣ እግሩን ከፈተ፣ እግሩን አሰረ። አንገታቸውን አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ አላየም። ምን ሊያደርግለት? የታመመው እግራቸው ነው። ከተበላ እስከ ሶዶ ይህን ሁሉ ሳምንት ካወራው፣ ካለቀሰው፣ ካስለቀሰው ሰው አንዱ እንኳ ይህን አላሰበም። እትዬ ብርቄም «እስከ አሁን አልደረሱበትም?» እያሉ በየመሃሉ አንገታቸውን ይዳብሱ ነበር። ሳና እየተመላለሰ ካጠበላቸው በኋላ በመስቀል ሰሞን ያለ በትር ቆመው ሄዱ፤ ሰሌኑም የእኔ መኝታ ሆነ።

የዚያን ቀን ግን ገና አልጨረስኩም። ከሐኪም ቤት ስንመለስ ቤቱ በጠያቂ ሞልቶ ጠበቀን። እትዬ ብርቄን መደባቸው ላይ ስናሳርፋቸው ነጠላቸው ተንሸራተተ፤ ጥቁር አሻራ ብቻ የቀረበት ባዶ አንገታቸው ታየ።

«ተቆረጠ!» አለች አንዷ። «ተቆረጠ! በመድኃኔ ዓለም!» ቤቱ በእሪታ ተናወጠ። ገሚሱ ወዲያው ተነሥቶ ነጠላውን ያጣፋል፤ አንዱ ወደ ምንጭ፣ አንዱ ወደ ገበያ፣ አንዱ ወደ ሌላ በሽተኛ ቤት ሊሮጥ። ፊታቸው ላይ ያለውን ነገር አውቀዋለሁ። የራሴ ፊት ነበር። አሁን ከወጡ ማንም በሽተኛ ዳግመኛ የሐኪም ቤቱን በር አይረግጥም።

ከሁሉ ቀድሜ በሩ ላይ ደረስኩና ሁለት እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። «ቁጭ በሉ! አላለቀም!»

ሕፃን ልጅ ትልልቅ ሰዎችን ቁጭ በሉ ስትል ታይቶ የሚታወቅ ነገር አይደለም። አንዱ ሊገፋኝ እጁን ሲያነሣ እትዬ ብርቄ ከመደባቸው ላይ «ተቀመጡ ተብላችኋል!» ብለው ጮኹ። ተቀመጡ።

ነገርኳቸው። ሳልጨምር፣ ሳላስቀር፣ ከሁምቦዋ ሴት እባጭ ጀምሬ እስከ ሽንኩርቱ ቢላ። ቆሎውንም ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። መምሬ ተክሌ ጥግ ተቀምጠው ነበር። ሁሉም ሲዞርባቸው ጡጫቸውን ፈቱና ሦስቱን ክር አሳዩ። «እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አሉ። «ፈረንጁ ያከመው እግሯን ነው።»

ሰዉ ሁሉ ከመቀመጫው አልተነሣም። ሌላ ነገር እንደሚመጣ ይጠብቁ ነበር።

«ይኸው ነው?» አለች አንዲት ሴት፣ ቅር ብሏት።

«ይኸው ነው» አልኩ።

አንድ በአንድ «እግዜር ይማርዎ» እያሉ ወጡ፤ አንዳቸውም አልሮጡም። ዓይኑ በመግል የተዘጋ ልጅ ያዘለች ሴት ብቻ ወደ ኋላ ቀረች። ሌሎቹ እስኪርቁ ጠበቀችና ወደ እኔ ጎንበስ ብላ ጠየቀችኝ።

«ጠዋት በስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት?»